አንድ ሕግ፣ አራት ደቂቃ

ካሜራው በባቡር መስኮት ወደ ውጭ ይመለከታል። ዘፋኝ አይታይም። ተወዛዋዥ፣ ውድ መኪና፣ የፍቅር ታሪክ የሚባል ነገር የለም። የደቡብ ፈረንሳይ ሜዳ፣ ምሰሶ፣ መጋዘን፣ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ፣ ድልድይ በአንዱ የስክሪን ጠርዝ ገብተው በሌላው ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የእንግሊዞቹ የኬሚካል ብራዘርስ «ስታር ጊታር» ክሊፕ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይኸው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሰው፣ አንድ ተሳፋሪ ካሜራውን መስኮት ላይ ደግፎ የቀረጸው ሊመስለው ይችላል። ጥቂት ቆይቶ ግን አንድ ነገር ልብ ይላል፦ ከሐዲዱ ዳር የቆመው ነገር ሲያልፍ ድራሙ ይመታል። ቀጣዩም ሲያልፍ ይመታል። አዲስ ድምፅ ሲገባ አዲስ ሕንፃ ብቅ ይላል፤ ድምፁ ሲደጋገም ሕንፃውም በዚያው ልክ ይደጋገማል። ይህን ካወቁ በኋላ ዓይንን ከስክሪኑ መንቀል አይቻልም።

ስለ ሙዚቃ ክሊፕ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው በጀቱ፣ ልብሱ፣ የዘፋኙ መልክና የተቀረጸበት ቦታ ነው። እኔ ማመስገን የምፈልገው የእጅ ሥራውን ነው። አንድ ባለሙያ ዘፈኑን በሚገባ አድምጦ፣ ለራሱ አንድ ሕግ አውጥቶ፣ ያንን ሕግ እስከ መጨረሻዋ ሴኮንድ ሳያፈርስ ሲጠብቅ የሚፈጠር ልዩ ደስታ አለ። ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ እንኳ ዩቲዩብ ላይ እየተመለሰ የሚያያቸው፣ «ይህንን ሳታይ እንዳትተኛ» ብሎ ለጓደኛው የሚልካቸው ብዙዎቹ ክሊፖች ይህንን ደስታ የሚሰጡ ናቸው።

የ«ስታር ጊታር» ሕግ ለመናገር ቀላል ነው፦ የሚሰማው ይታይ። ለመጠበቅ ግን እጅግ ከባድ ነው። የዳንስ ሙዚቃ እንደመሆኑ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ሁለት ያህል የድራም ምት ያልፋል። በምቶቹ መሀል ቀጫጭን የሲምባል ድምፆች ይገባሉ፤ ከነዚህ በላይ ደግሞ ረዘም ብለው የሚንሳፈፉ የኪቦርድ ድምፆች አሉ። በባቡር ወይም በአውቶቡስ የሄደ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መንገዱ ዳር ያለው ነገር ሽው ብሎ ሲያልፍ ራቅ ያለው ቀስ ይላል፤ ከአድማስ ጋር የተያያዘው ደግሞ የቆመ ይመስላል። ክሊፑ ይህንን የተፈጥሮ ባሕርይ እንደ ሙዚቃ መሣሪያ ይጫወትበታል። አጭርና ደረቅ ምት ከፊት ለፊት ሽው የሚል ነገር ይደርሰዋል፤ እየጎላ የሚሄድ ድምፅ ደግሞ እየሰፋ የሚመጣ ሕንፃ። ሜዳው እንደ ማንኛውም ሜዳ ነው፤ የተለየው ነገር በልኩ መጓዙ ነው።

አሠራሩን ማወቅ አድናቆቱን ያበዛዋል። ዳይሬክተሩ ፈረንሳዊው ሚሼል ጎንድሪ ነው። ለክሊፑ መሠረት የሆነው ምስል ከኒም እስከ ቫላንስ ባለው የባቡር መስመር ላይ የተቀረጸ ሲሆን፣ የቀኑን ልዩ ልዩ ብርሃን ለማግኘት ያው ጉዞ አሥር ጊዜ ተደግሟል። ወደ ኮምፒውተር ከመሄዱ በፊት ግን ጎንድሪ ዘፈኑን በባለካሬ ወረቀት ላይ በታትኖ አሰፈረው፤ የትኛው ድምፅ በየትኛው ካሬ እንደሚገባ፣ ስንት ጊዜ እንደሚደገም፣ መቼ እንደሚጠፋ። ቀጥሎም ብርቱካን፣ ሹካ፣ ካሴት፣ መጽሐፍ፣ ብርጭቆና ጫማ ደርድሮ በትንሹ ሞከረው። ብርቱካኑ አንዱን ድምፅ፣ ሹካው ሌላውን ይወክላል። እነዚህ ሁሉ ልካቸውን ከያዙ በኋላ ነው በየቦታቸው ሕንፃና ምሰሶ የተተከለው።

ጥለት የሚጥል ሸማኔ ክሩን ቆጥሮ ያነሳል፤ አንዲት ክር ከሳተ ስሕተቱ እስከ ነጠላው ጫፍ ይከተለዋል። የጎንድሪ ወረቀትም እንዲሁ ነው። አንድ መጋዘን ግማሽ ምት ቢዘገይ ተመልካቹ ምን እንደጎደለ መናገር ባይችልም ሰውነቱ ያውቀዋል፤ ዓይንና ጆሮው ይጣሉበታል። አራት ደቂቃ ያህል ሙሉ ሲስማሙ ደግሞ የማን ቁጥር እንዳስማማቸው ሳናስብ ጣታችን ጠረጴዛውን መምታት ይጀምራል። ልክ መሆኑ የሚታወቀው የተሠራ ሳይመስል ሲቀር ነው።

ጎንድሪ ይህንን ጆሮ ከየት አመጣው? በ1963 ቬርሳይ የተወለደው ይህ ሰው ዳይሬክተር ከመሆኑ በፊት ድራም መቺ ነበር። «ዊ ዊ» በሚባል የፈረንሳይ ባንድ ውስጥ ይመታ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን ክሊፖችም የሠራው ለራሱ ባንድ ነው። አያቱ ኮንስታን ማርቲን በ1947 ክላቪዮሊን የተባለውን ቀደምት የኤሌክትሮኒክስ ኪቦርድ የፈለሰፉ ሰው ናቸው። የባንዱን ክሊፖች ያየችው የአይስላንዷ ዘፋኝ ቢዮርክ በ1993 «ሂውማን ቢሄቪየር»ን እንዲሠራላት ጠራችው፤ ዓለምም በዚያ በኩል አወቀው። ድራም መቺ ባንድ ውስጥ ያለው ሥራ የሌሎቹን ሁሉ ቦታ በልቡ ይዞ መቁጠር ነው። ጎንድሪ ዱላውን አስቀምጦ ካሜራ ቢያነሳም ቆጠራውን አልተወም።

ይህ ቆጠራ በግልጽ የሚታየው በ1997 ለፈረንሳዮቹ ዳፍት ፓንክ በሠራው «አራውንድ ዘ ወርልድ» ላይ ነው። ዘፈኑ ከርዕሱ ሦስት ቃላት በስተቀር ግጥም የለውም፤ እነሱን ብቻ ይደጋግማል። ለሰነፍ ዳይሬክተር ይህ ራስ ምታት ነው፣ ምን ተብሎ ታሪክ ይሠራለታል? ጎንድሪ ግን ቃሉን ትቶ የሙዚቃውን አካል ገነጣጥሎ አየው። አምስት ነገሮች አገኘና ለአምስቱም አምስት የተወዛዋዦች ቡድን ሰጠ። በማሽን ውስጥ አልፎ የሚወጣው የሰው ድምፅ ሮቦቶች ሆኑ። ቤዙ የስፖርት ልብስ የለበሱ ረጃጅሞች፣ ኪቦርዱ የዋና ልብስ የለበሱ ሴቶች፣ ጊታሩ አጽሞች፣ የድራም ማሽኑ ደግሞ በጨርቅ የተገነዙ የግብጽ ሙሚዎች። ሁሉም የሚንቀሳቀሱት የሸክላ ዲስክ በሚመስል ክብ መድረክ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ረጃጅሞቹን ለብቻቸው ነጥሎ ማየት ያስፈልጋል። መድረኩ ላይ ደረጃ አለ። የቤዙ ዜማ ወደ ላይ ሲወጣ ደረጃውን ይወጣሉ፤ ወደ ታች ሲወርድ ይወርዳሉ። ኖታ ማንበብ የማያውቅ ሰው፣ ቤዝ ምን እንደሆነ ለይቶ ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ እግራቸውን እየተከተለ የቤዙን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። ከዚያ ክሊፑን እንደገና ከፍቶ ሙሚዎቹን ብቻ ይከተል፤ አሁን የሚሰማው ድራሙን ነው። በሦስተኛው አጽሞቹን። አንድ ዘፈን አምስት ጊዜ ተሰምቶ አምስት ዘፈን ይሆናል። ብዙ የሙዚቃ መምህር በሰዓታት የማያስረዳውን አምስት ቡድን ተወዛዋዥ በደቂቃዎች ያስተምራል፤ ተማሪው ደግሞ እየተማረ መሆኑን አያውቅም፣ እየተዝናና ነው።

የውዝዋዜው ቅንብር የስፔኗ ተወላጅ የብላንካ ሊ ነው። በጊዜው የብዙ ክሊፖች ልማድ ተወዛዋዦችን በቅርብ እየቀረጹ፣ እጅ አንድ ቦታ፣ እግር ሌላ ቦታ እየቆራረጡ ማሳየት ነበር። ጎንድሪ ይህ አሠራር ለውዝዋዜው ክብር አይሰጥም ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ ካሜራውን ራቅ አድርጎ መድረኩን በሙሉ አሳየን። ይህ የድፍረት ውሳኔ ነው። በቅርብ ተቆራርጦ የሚታይ ውዝዋዜ ስሕተቱን ይደብቃል፤ ከራስ እስከ እግር ሲታይ ግን መደበቂያ የለም። ባለሙያው ሕጉን አውጥቶ ብቻ አልተወንም፤ መጠበቁን በገዛ ዓይናችን እንድንቆጣጠር በሩን ከፈተልን።

በ2003 ለዋይት ስትራይፕስ የሠራው «ዘ ሃርደስት በተን ቱ በተን» ደግሞ ያንኑ ሐሳብ ወደ ኒውዮርክ ጎዳና ያወጣዋል። ባንዱ ሁለት ሰው ብቻ ነበር፤ ጃክ ዋይት ጊታር፣ ሜግ ዋይት ድራም። ሕጉ፦ ድራሙ በተመታ ቁጥር አዲስ ድራም ይታያል፤ ጊታሩ በተመታ ቁጥር አዲስ የድምፅ ማጉያ። መንገዱ ላይ ድራሞች ሰልፍ ይሠራሉ፤ ሜግም ከአንዱ ወደ ሌላው ሳትራመድ ትሸጋገራለች። ይህ በኮምፒውተር የተባዛ አንድ ድራም አይደለም። 32 ተመሳሳይ የሉድዊግ ድራሞችና 32 ማጉያዎች እየተደረደሩ፣ እየተቀረጹ፣ እየተነሱ የተሠራ ነው። ምት የሚቆይ ነገር አይደለም፤ ተመትቶ ይጠፋል። እዚህ ክሊፕ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ምት ቦታ ይዞ ይቀመጣል፤ የዘፈኑ ርዝመት በእግረኛ መንገድ ላይ ተዘርግቶ ይታያል።

ሕጉ ሁልጊዜ የምት ሕግ መሆን የለበትም። በ1985 የኖርዌዮቹ አ-ሃ «ቴክ ኦን ሚ» ይዞት የመጣው ሕግ የድንበር ሕግ ነው። በዳይሬክተር ስቲቭ ባሮን ክሊፕ ውስጥ ሁለት ዓለም አለ፤ አንዱ ሥጋና ደም የለበሰ የለንደን ካፌ፣ ሌላው በእርሳስ የተሳለ የኮሚክ መጽሐፍ። ካፌው ውስጥ መጽሐፉን የምታነበው ልጅ በመጽሐፉ ጀግና ተስባ ወደ ውስጥ ከገባች በኋላ የሚመጣውን ትዕይንት ደጋግሜ አይቼው አልጠገብኩትም። ሁለቱ ወጣቶች በአንድ ባዶ የመስኮት ክፈፍ ዙሪያ ይሽከረከራሉ። በክፈፉ ውስጥ የሚታየው ክፍላቸው እውነተኛ ሰው ነው፤ ከክፈፉ ጠርዝ ያለፈው ትከሻ ወይም ፀጉር ግን ወዲያው እርሳስ ይሆናል። ይህ በኮምፒውተር አልተሠራም። ማይክል ፓተርሰንና ካንዳስ ረኪንገር አስቀድሞ የተቀረጸውን ፊልም ፍሬም በፍሬም እየተከተሉ በእጃቸው ሳሉት፤ 3,000 ያህል ፍሬም፣ 16 ሳምንት ያህል ሥራ። የእርሳሱ መስመር ከፍሬም ፍሬም በጥቂቱ ስለሚለያይ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ያ መንቀጥቀጥ ጉድለት አይደለም፤ የሥዕሉ ዓለም እንዲተነፍስ ያደረገው እሱ ነው።

ከእርሳስ ወደ ብረትና እንጨት እንሂድ። አራቱ የኦኬ ጎ ባንድ አባላት በ2006 በስምንት ትሬድሚል ላይ የተወዛወዙበት «ሂር ኢት ጎውዝ አጌን» ያለ አንድ ቆረጣ የተቀረጸ ነው፤ ያቀናበረችው የዘፋኙ የዴሚየን ኩላሽ እህት ትሪሽ ሲ ናት። የትልቅ ስቱዲዮ ነገር የለበትም፤ ካሜራው እንኳ ከቦታው አይነቃነቅም። በ2007 ግን የግራሚ ሽልማት አገኘ። ይህን ሥራ ወድጄዋለሁ። የበለጠ የማደንቀው ግን በ2010 ያወጡትን የ«ዚስ ቱ ሻል ፓስ» ክሊፕ ነው።

ሩብ ጎልድበርግ (1883–1970) የተባለ አሜሪካዊ ካርቱኒስት፣ ቀላል ሥራን በጣም በተወሳሰበ መንገድ የሚሠሩ ማሽኖችን በመሳል ስሙ ገንኗል። ኦኬ ጎና ሲን ላብስ የተባሉ የሎስ አንጀለስ መሐንዲሶች እንዲህ ያለውን ማሽን ባለሁለት ፎቅ መጋዘን ውስጥ በእውን ገነቡት። አንዲት የመጫወቻ መኪና ትገፋለች፤ ዶሚኖ ይወድቃል፤ ኳስ ይንከባለላል። ከዚያ ጃንጥላ ይከፈታል፣ ቴሌቪዥን በመዶሻ ይሰበራል፣ ፒያኖ ይወድቃል፣ በመጨረሻም ባንዱ ቀለም ይረጭበታል። በአንድ ቦታ ላይ ማሽኑ ራሱ የተደረደሩ ብርጭቆዎችን እየነካ ዜማውን ይጫወታል። እዚያ ጋ ሲደርስ ማሽኑ ከአጃቢነት አልፎ ከባንዱ እንደ አንዱ ይሆናል።

ይህንን ሥራ በቅርብ ለሚያይ ሰው ትልቁ ጥበብ ያለው በቅደም ተከተሉ ነው። ጥቃቅኖቹ ነገሮች በመጀመሪያ፣ ግዙፎቹ በመጨረሻ ይመጣሉ። ዓይንን ለማስደሰት ብቻ የተደረገ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን የሙያ ነው። ትንንሽ ነገር አይታመንም። ዶሚኖ አቧራ ይበቃዋል፣ ትንሿ ኳስ ለእንጨቱ ጥቂት መጣመም ትሸነፋለች። ከባድ ነገር ግን ከተነቃነቀ መውደቁ አይቀርም። ስለዚህ ማሽኑ ሊከሽፍ የሚችልበትን ቦታ መጀመሪያው ላይ አስቀመጡት፤ ከከሸፈ ገና ጥቂት ዶሚኖ ብቻ ነው እንደገና የሚደረደረው። ፒያኖ ከወደቀ በኋላ ቢከሽፍ ግን የሰዓታት ልፋት ነው። እንዲያም ሆኖ ከ60 ጊዜ በላይ ሞክረውታል፤ እስከ መጨረሻው የደረሰው ሙከራ በጣት የሚቆጠር ነው። እኛ ከትንሽ ወደ ትልቅ እያደገ የሚሄድ ደስታ ብለን የምናጣጥመው ነገር ከሥሩ የመሐንዲስ ጥንቃቄ ነው። ውበቱና አስፈላጊነቱ አንድ ላይ ተገጣጥመዋል፤ የጥሩ ሥራ ምልክትም ይኸው ነው።

በ2016 ይኸው ባንድ «ዘ ዋን ሞመንት»ን ይዞ መጣ። በ4.2 ሴኮንድ ውስጥ የተፈጸመ ነገር ተለጥጦ ዘፈን ያክላል። ከሦስት መቶ በላይ ክስተቶች፣ የሚፈነዱ ጊታሮች፣ ውሃ የሞሉ ፊኛዎች፣ ቀለምና ጨው፣ በፍጥነት በሚወረወሩ የሮቦት ክንዶች ላይ ባሉ ካሜራዎች ተቀርጸዋል። ሕጉ አሁንም የቀድሞው ነው፣ እያንዳንዱ ፍንዳታ ከዘፈኑ ምት ጋር ይግጠም። ስሌቱን ግን አስቡት። የዘፈኑ አንድ ሴኮንድ በቀረጻው ቦታ የሴኮንድ ጥቂት መቶኛ ብቻ ነው። ማንም ሰው በእጁ «አሁን!» ብሎ ሊያስነሳው አይችልም፤ ምልክቱን ሰጥቶ ሳይጨርስ ሁሉም ነገር አልቋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክስተት በሰንጠረዥ አስቀድሞ ተሰልቶ፣ በኤሌክትሮኒክ ማስነሻ ሰዓቱን ጠብቆ እንዲፈነዳ ተደርጓል። ጎንድሪ በባለካሬ ወረቀት የሠራውን ኦኬ ጎ በኮምፒውተር ሰንጠረዥ ሠሩት። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ሙያው ያው ቆጠራ ነው።

እንዲህ ያለው ክሊፕ ዘፈኑን ይውጠዋል የሚሉ አሉ፤ ቅሬታቸውም መሠረት የለሽ አይደለም። ትሬድሚሉን የሚያስታውስ ሰው ሁሉ ዘፈኑን አያንጎራጉርም። ነገር ግን መለኪያ አለን። የ«ስታር ጊታር»ን ድምፅ አጥፉና ምስሉን ብቻ ተመልከቱ፤ ምቱን በጣታችሁ ልትመቱት ትችላላችሁ። «አራውንድ ዘ ወርልድ»ንም እንዲሁ አድርጉት፤ ደረጃው ላይ የሚወጡትን እግሮች እያያችሁ ቤዙን ታንጎራጉሩታላችሁ። ድምፁ ጠፍቶም ዘፈኑ ምስሉ ውስጥ ካለ፣ ክሊፑ ዘፈኑን አልዋጠውም፤ ተሸክሞታል። «ቴክ ኦን ሚ»ም በ1984 በሌላ ቅጂና በሌላ ክሊፕ ወጥቶ ከኖርዌይ ውጭ ብዙም አልሄደም ነበር። እንደገና ተቀርጾ ከእርሳሱ ዓለም ጋር ሲመለስ ግን በአሜሪካ የአንደኝነት ደረጃ ያዘ።

ዛሬ ድራሙን 32 ጊዜ ለማባዛት ድራም መከራየት አያስፈልግም፤ ስልክ ይበቃል። ይህ መልካም ነው፤ እጅ ያጠረው ወጣት ሐሳቡን እንዲያወጣ መንገድ ይከፍታል። ነገር ግን የእነዚህ ክሊፖች ዋጋ ከጅምሩም ማባዣው ላይ አልነበረም። ቤዙ የት ቦታ እንደሚወጣና የት እንደሚወርድ የሚነግር ማሽን ለጎንድሪ አላስፈለገውም፤ ቁጭ ብሎ ሰማ። ከዚያ መረጠ። ዘፈኑ ውስጥ ካለው ብዙ ነገር አንዱን ይዞ ሌላውን ለመተው ራስን መግዛት ይጠይቃል። በየሦስት ሴኮንዱ አዲስ ልብስ፣ አዲስ ቦታ፣ አዲስ ጭስ የሚያመጣ ክሊፕ የሚደክመን ድሃ ስለሆነ አይደለም፤ አንዱንም ሐሳብ ይዞ ስለማይዘልቅ ነው።

ስለዚህ ቀጣዩን ክሊፕ ስትከፍቱ ስንት ሰው አየው ከማለታችሁ በፊት ሕጉ ምን እንደሆነ ፈልጉ። ካገኛችሁት፣ ሕጉን መጠበቅ ከሁሉ በላይ የሚከብድበትን ቦታ ጠብቁ፤ የክፈፉን ጠርዝ፣ የቤዙን መውረጃ፣ የመጀመሪያዎቹን ዶሚኖዎች። ባለሙያው ከባዱ ቦታ ላይ ሲደርስ ካሜራውን ካላዞረ፣ ካልቆረጠ፣ በጭስ ካልሸፈነ ሥራውን አክብሮታል። ተመልካቹንም አክብሮታል፤ ያያል፣ ይቆጥራል፣ ይገባዋል ብሎ አምኖበታልና። የአራት ደቂቃ መዝናኛ ይህን ያህል እምነት ከተጣለበት፣ የእኛም ድርሻ በዚያው ልክ ተጠንቅቆ ማየት ነው።